ቀስት የሌለው ጌጅ

ቡሩልን በቢሽኬክ የመለዋወጫ ገበያ የማያውቃት ሾፌር አልነበረም፤ የሚወዳት ግን አንድም አልነበረም። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ክረምት ከበጋ አንድ ሰማያዊ የፋብሪካ ካፖርት ትለብሳለች፣ ጸጉሯን በግራጫ ሻሽ ጥፍር አድርጋ ታስራለች፣ ሰው ሲያናግራት ቀና አትልም። ሥራዋ ያገለገሉ ጌጆችን፣ የመኪና መለኪያዎችን ማለት ነው፣ መፈተሽ ነበር። የሙቀት፣ የዘይት፣ የነዳጅ፣ ከተገነጣጠለ መኪና የተነቀለ ጌጅ ሁሉ በእሷ እጅ ሳያልፍ ሌላ መኪና ላይ አይገጠምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንዱ ሾፌር አሮጌ ቮልጋ መኪና ጌጅ ይሞትበታል፤ አዲስ የለም፤ ስለዚህ ከሌላ ሞዴል የወጣ ይፈልጋል። ቀዳዳው ልክ ይሆናል፣ ሽቦውም ይያያዛል፣ ቀስቷም ትነሳለች። ሰውየው ደስ ይለዋል። ቡሩል ግን ጌጁን ከባትሪዋ ጋር አገናኝታ፣ ሞተሩ ላይ የሚታሰረውን ሴንሰር የፈላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ትነክርና ከብርጭቆ ቴርሞሜትሯ ጋር ታስተያያለች። የማይስማሙ ከሆነ ፊት ለፊት ትናገራለች።

«ኤጄ፣ ቀስቷ እኮ ትንቀሳቀሳለች!» ይላል ሰውየው። ገበያው ሁሉ ኤጄ ነው የሚላት፤ እታለም እንደማለት ነው።

«የውሻ ጭራም ይንቀሳቀሳል። ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን አይነግርህም።»

«እና ምን ላርገው?»

«ለጎረቤትህ ሽጥለት፣ የምትጠላው ከሆነ።»

ይህን ምላስ ያመጣችው ከመሣሪያ ፋብሪካው ነው። እዚያ ሠላሳ ዓመት ሠርታለች፤ መጨረሻ ላይ የተቆጣጣሪዎች ኃላፊ ነበረች። ከመገጣጠሚያ ጠረጴዛዎቹ የሚወጣ ጌጅ ሁሉ የእሷ ማህተም ካላረፈበት ከግቢው አይወጣም ነበር። ባል አላገባችም። የፋብሪካው ማደሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጧት፤ እዚያው አረጀች። ፋብሪካው ሲዘጋ ሰዉ ሁሉ ማሽኑንም መዳቡንም እየነቀለ ሲወስድ እሷ የወሰደችው ሌሎች ጌጆች የሚመሳከሩበትን አንድ የግፊት ጌጅና የእጅ ፓምፑን ብቻ ነው። እሱንም አስፈርማ።

በገበያው ውስጥ ሱቅ ከሆኑት ኮንቴይነሮች መካከል የአሥራ አንዱ ባለቤት ኤሴንጉል ይባላል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሲናገር የሰው ትከሻ መያዝ የሚወድ ሰው ነው። ቡሩል ቦታ ፍለጋ መጀመሪያ ወደ እሱ የመጣች ቀን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ሳቁ ሁሉ ጠፋ።

«ታውቂኛለሽ?» አላት።

«አውቅሃለሁ።»

«ማን ነኝ?»

«ሁለት ተኩል» አለች።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ኤሴንጉል የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ሳለ በዚያ ፋብሪካ የዘይት ጌጅ ገጣጣሚ ነበር። አንድ ቀን እናቱ ታመሙበትና ሐኪም ቤት ሊያደርሳቸው ከሥራው ሹልክ ብሎ ወጣ። ተመልሶ ጥድፊያ ውስጥ ገባ፤ የዚያን ቀን ከእጁ የወጡት ጌጆች ሁሉ ቀስታቸው ሁለት ተኩል ላይ ተቸክሎ ቀረ። ቡሩል ስትፈትሽ ደረሰችበት። ቢሮዋ ድረስ ሄዶ ለመናት፤ «ልፍታቸውና ላስተካክላቸው፣ ብቻ ጥፋተኛ ብለሽ አታስመዝግቢኝ፣ የቤት ተራዬ ዘንድሮ ነው፣ እናቴ እርጥብ ቤት ውስጥ ናት» አላት። እሷ ግን ማስመዝገብ ብቻ አልበቃትም። ከተበላሹት አንዱን በሽቦ አስራ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችና፣ ሠራተኛው ሲወጣና ሲገባ በሩ ላይ አቆመችው። ሁለት ሺህ ሰው በፊቱ አለፈ። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ጌጁን ያነብለት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ሁለት ተኩል ሆነ። የቤት ተራው ተሰረዘ፤ እናቱም በዚያው ዓመት በዚያው እርጥብ ቤት አረፉ።

አሁን ቡሩል ያንን ስም ስትጠራው ኤሴንጉል ቦታ ሰጣት፤ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ያለውን። በጋ ላይ ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚመጣላት። መጣ ግን፤ እንደሷ የሚፈትሽ አልነበረማ።

አራት ዓመት እንዲህ ሄደ። ኤሴንጉል በቀን አንዴ ብቅ ይልና፣ «ተቆጣጣሪ ኤጄ፣ ዛሬስ ማንን ሰቀልሽ?» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል፣ «ተራህን ጠብቅ» ትለዋለች። በዚህ የሚያበቃ ይመስል ነበር።

የቡሩል ዓይን መድከም የጀመረው በአምስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ነው። መጀመሪያ የጌጁ ትናንሽ ቁጥሮች ተድበሰበሱባት፤ ከዚያ ቁጥሮቹ ሁሉ ጠፉ፤ ታኅሣሥ ላይ ጌጁ ራሱ ጥቁር ክብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ለማንም አልነገረችም። ዘዴ አበጀች። የሚመጣላትን ጌጅ ሁሉ «አቧራ ልጥረግለት» እያለች መስተዋቱን ትከፍትና፣ ቀስቷ የት እንደቆመች በትንሿ ጣቷ ጥፍር ጫፍ ነካ አድርጋ ታውቀዋለች። ቀስቷ ሳትናወጥ፣ እንደ ዝንብ እግር ቀልሎ። የውሃውን ሙቀት ከማንቆርቆሪያው ድምፅ ትለየዋለች። ሴንሰሩን ከክብደቱና ከብሎኑ ጥርስ ታውቀዋለች። አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳትም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ።

ኤሴንጉል በዚህ የነቃው ሻይ ስትቀዳ ነው። ሻዩ ከኩባያው አጠገብ ፈሰሰ፤ እሷም ሳታውቅ ማንቆርቆሪያውን መለሰች። በነጋታው የሌላ ሰው ኮፍያ አድርጎ ዝም ብሎ ፊቷ ቆመ፤ «ምን ልርዳህ ልጄ?» አለችው። ኤሴንጉል ሦስት ሳምንት ጠበቀ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ገበያው በሞላበት እሑድ፣ ሃያ የሚሆኑ ሾፌሮችን አስከትሎ መጣ።

«ኤጄ፣ ዛሬ የሥራሽን ጥበብ ልናይ ነው የመጣነው!» አለ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። «እነዚህ ሰዎች ተራራ ለተራራ የሚነዱት አንቺን አምነው ነው። እስቲ አሳዪያቸው።»

ሦስት የሙቀት ጌጆች የእሷው መፈተሻ ሰሌዳ ላይ አሰረላት፤ ሴንሰሮቻቸውንም ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነከረ። ቡሩል እጇን ወደ መጀመሪያው መስተዋት ሰደደች።

«አይ! አይከፈትም» አለ ኤሴንጉል። «አቧራውን እኔ ጠርጌዋለሁ። ከላይ ሆነሽ አንብቢ።»

ማንቆርቆሪያው ሊፈላ እየዘመረ ነው። ቡሩል አዳመጠችው። ሰማንያ ቢሆን ነው። የመጀመሪያውን «ሰማንያ» አለች፤ ልክ ነበር። ሁለተኛውን «ሰማንያ ሁለት» አለች፤ አንድ ሾፌር በመገረም አፏጨ። ሦስተኛው ላይ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን እንደሚያነብ ሰው አጠበበች።

«ሰማንያ» አለች።

ኤሴንጉል ጠጋ አለ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰማንያ አልኩህ! ቢጎድል አንድ ቢጎድል ነው።»

መጀመሪያ የሳቀው ከኋላ ያለ ሰው ነው፤ ከዚያ ሁሉም። ቡሩል ለምን እንደሚስቁ ስላልገባት ራሷን ወዲያና ወዲህ አዞረች። ኤሴንጉል ከደረት ኪሱ አንዲት ትንሽ ቀይ ቀስት አወጣና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት፤ ጣቶቿንም ራሱ አጠፈላት።

«ይቺ የማናት ኤጄ? ከሦስተኛው ጌጅ ላይ ከትናንት ወዲያ ነው የነቀልኳት። ለዚህ ባዶ ሳህን ነው ሰማንያ ያልሽው?»

ጣቶቿ ቀስቷን ለዩዋት። አንድ ሾፌር፣ አሳን የሚባል፣ ሳቁን አቁሞ፣ «ቆይ፣ የኔን ጌጅ ባለፈው ወር እኮ አንቺ ነሽ ያሳለፍሽልኝ! አራት ልጅ ጭኜ ነው የምነዳው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ተከተለ። አንዱ ምራቁን እግሯ ሥር ተፋ። እሷም «በጣቴ አውቀዋለሁ፣ አልሳሳትም፣ በጣቴ…» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። ተሰልፈው ይጠብቋት የነበሩት ደንበኞች ጌጃቸውን ከጠረጴዛዋ ላይ እየሰበሰቡ ሄዱ።

ኤሴንጉል አላባረራትም። ቢያባርራት ይሻላት ነበር። «ቁጭ በይ» አላት፤ «ዓይን የማይፈልግ ሥራ እሰጥሻለሁ።» ከፈረሱ መኪኖች የሚወጣውን ብሎንና ሴንሰር በየዓይነቱ እየዳሰሰች እንድትለይ ቆርቆሮ ባልዲዎች ፊቷ ደረደረላት። ሌላ የምትሄድበት ስላልነበራት ቁጭ አለች። ገበያተኛው መጫወቻ አገኘ። የመጥበሻ እጀታ፣ የሕፃን ጫማ፣ የበግ ጥርስ ይሰጧትና፣ «ኤጄ፣ ይሄ የየትኛው ሞዴል ነው?» ይሏታል። አንድ ቀን የሞተ አይጥ ሰጧት። ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና፣ «ያንተ ነው፣ ውሰደው» አለች። ለዚህም ሳቁ።

የማይስቅባት አንድ ሰው ነበር፤ የኤሴንጉል ሚስት ዙራ። ዙራ በሳምንት ሁለት ቀን ለባሏ ምሳ ታመጣለች፤ ሾርባ በቴርሞስ፣ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ። ከዚያ ላይ ቀንሳ ለቡሩል ትሰጣታለች። አጠገቧ ቁጭ ብላ እስክትጨርስ ትጠብቃለች።

«ይብሉ እንጂ ኤጄ፣ ሲበርድ አይጣፍጥም።»

«ባልሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። እሱ እኮ ክፉ ሰው አይደለም። እርስዎ ጋ ሲደርስ ነው እንዲህ የሚሆነው።»

ቡሩል ይህን ሰምታ ማኘኳን አላቆመችም። ስለዚያ ጌጅና ስለ ፋብሪካው በር ግን አንድም ቀን ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። የዚያን ጊዜ ትክክል ነበርኩ ብላ ታምን ነበር፤ ጌጆቹ የተበላሹ ነበሩና።

ሐምሌ ገባ። ኤሴንጉል ከተራራው ማዶ ታላስ ላለው የወንድሙ ልጅ ሠርግ ሊሄድ ተነሳ። ቮልጋው ያረጀ ቢሆንም የሚወደው መኪና ነው። የሙቀት ሴንሰሩ ሞቶበት ነበርና ከራሱ ኮንቴይነር፣ ዚጉሊ ከሚባለው ትንሽ መኪና የወጣ ሌላ አነሳ፤ የዚጉሊው ብሎን ቀጭን ስለሆነ የነሐስ ቀለበት አስቀርጾ አለበሰው። ሞተሩ ላይ ልክ ገባለት። ቀስቷም ተነሳች። ኮርቶ ፈታውና ይዞት ወደ ቡሩል መጣ፤ እንደልማዱ ሰው አስከትሎ።

«ኤጄ፣ እስቲ ይቺን ዳስሺልኝ። ነገ መንገድ አለብኝ። ለቮልጋዬ ትሆናለች?»

ቡሩል ተቀበለችው። ነሐሱ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ገና ይቧጭራል። ከውስጡ ያለው ጥርስ ቀጭን ነው። የዚጉሊ ነው፤ ጣቷ ከመንካቱ አወቀችው። የቮልጋው ጌጅና የዚጉሊው ሴንሰር እንደማይግባቡም ታውቃለች፤ ያንን ጥንድ በሕይወቷ ምናልባት መቶ ጊዜ ውድቅ አድርጋዋለች። ውሃው መቶ ሲደርስ ጌጁ ሰማንያ ምናምን ይላል። ሞተሩ እየፈላ ሾፌሩ እያፏጨ ይነዳል።

አፏን ከፈተች። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ መሀል ከኋላ አንዱ፣ «ቀስት አላት ወይ በላት!» አለ፤ ሳቁ ፈነዳ። ኤሴንጉልም ሳቀ፤ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ስለነበር ሲስቅ የሰውነቱ መንቀጥቀጥ ተሰማት።

«ጥሩ ናት» አለች ቡሩል። «ትሄዳለች።»

«ይኸው! ተቆጣጣሪዋ አሳለፈችኝ!» አለ ኤሴንጉል፣ ሴንሰሩን ከእጇ ነጥቆ።

ያን ቀን ቡሩል ደስ አላት። ይህን መደበቅ አይቻልም። የቀረውን ብሎን ስትለይ ታንጎራጉር ነበር።

መኪናው በማግስቱ ጠዋት ቶ-አሹ ተራራን መውጣት ጀመረ። ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ የኋላው ወንበርና ሣጥኑ በሠርግ ስጦታ ተሞልቷል። ግማሽ ዳገቱ ላይ ሞተሩ አቅም አነሰው፤ የሚሸት ነገርም መጣ። ኤሴንጉል መንገድ ዳር አቆመና ጌጁን አየ። ቀስቷ ከሰማንያ ትንሽ አለፍ ብላ ቆማለች። ቢፈላ ኖሮ ቀስቷ መጨረሻ ላይ በሆነች። ስለዚህ ውሃ ጎድሎ ነው አለና፣ እጁ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተው።

የፈላው ውሃ ከአገጩ እስከ እምብርቱ፣ ቀኝ እጁን ሙሉ ገፈፈው። ከመኪናው ጎትታ ያራቀችው አጠገቡ የነበረችው ዙራ ናት። ሸሚዙን ልታወልቅለት ስትሞክር የራሷም ሁለት መዳፎች ተላጡ። የበግ ነጋዴዎች የጭነት መኪና እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ጠጠር ላይ ተኝቶ ጮኸ።

ወሬው ገበያው ሲደርስ ቡሩል ባልዲዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ስለ እሱ ሲነግሯት ፊቷ አልተለወጠም። «ሚስቱስ?» አለች።

«አብራው ነበረች። እጆቿ ተቃጥለዋል አሉ፣ ሊጥ እንኳ መያዝ አትችልም።»

ዙራ አብራ ትሄድ እንደሆነ ቡሩል ያን ጊዜ አልጠየቀችም። የወንድም ልጅ ሠርግ ላይ ሚስት እንደማትቀር ማን ያጣዋል? አለመጠየቋ ነው አሁን አንጀቷን የበላት። ሦስት ሳምንት አሰበችበት። በአራተኛው ኤሴንጉል ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ መግባቱን ስትሰማ፣ ግድግዳና አጥር እየዳበሰች፣ መንገደኛ እየጠየቀች ሄደች።

ዙራ ናት በሩን የከፈተችላት። ቡሩል እጇን ልትጨብጣት ስትል ፋሻ ነካች፤ መልሳ ለቀቀችው። ኤሴንጉል ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፎ ተጋድሟል፤ የሚሸተው ቅባት ከበሩ ጀምሮ ያፍናል።

«ልነግራችሁ የመጣሁት ነገር አለ» አለች ቡሩል፣ ሳትቀመጥ። «ያ ሴንሰር የዚጉሊ ነበር። ከቮልጋ ጌጅ ጋር አይግባባም፣ አሳንሶ ነው የሚያነበው። በእጄ ስይዘው አውቄዋለሁ። እያወቅሁ ነው ትሄዳለች ያልኩህ።»

ኤሴንጉል ሳቀ፤ የተቃጠለ ደረቱ ስላልቻለለት ሳቁ ወደ ማቃሰት ተለወጠ።

«አንቺ? አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ? ዙራ፣ ስሚ እንጂ፣ ይቺን ዕውር ስሚያት!»

«የነሐስ ቀለበት ነበረው። ጠርዙ አልተሞረደም። ውስጡ ቀጭን ጥርስ ነው…»

«ስለ ቀለበቱማ ሳወራ ገበያው ሁሉ ሰምቷል! አንቺ እኮ ባዶ ሳህን ላይ ሰማንያ ያነበብሽ ሴት ነሽ። አሁን ደግሞ ተበቃይ ልትሆኚብኝ ነው? እኔን ያቃጠለኝ የራዲያተሩ ክዳን ነው። አንቺማ እንኳን እኔን ሻይሽንም አታቃጥዪም።»

«አምጡልኝ! አሥር ሴንሰር አምጡና ፈትኑኝ፣ የየትኛው ሞዴል እንደሆነ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ!»

«አንዴ ተፈትነሽ የለ እንዴ?» አለ ኤሴንጉል፣ ድካም በተጫነው ድምፅ። «በቃ፣ ሂጂ።»

ዙራ ክንዷን ይዛ ወደ ውጭ ወሰደቻት። በሩ ላይ ቡሩል ፋሻውን ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው።

«አንቺ እንኳ እመኚኝ» አለቻት። «አውቅ ነበር ዙራ። ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ስደቢኝ።»

«ኤጄ፣ ራስዎን አያስጨንቁ» አለች ዙራ፤ ድምፅዋ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምታባብል ሴት ነበር። «እርስዎ በምን ዓይንዎ ሊያውቁ? ብቸኝነት ነው እንዲህ የሚያሳስብዎ። ነገ ሾርባ እልክልዎታለሁ።»

ቡሩል ገበያው ተመልሳ ለሦስት ሰዎች ተናገረች፤ ለአሳንም ጭምር። አሳን ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ «እሺ ኤጄ፣ አንቺ ነሽ ያቃጠልሽው፣ እኛም እንፈራሻለን» አላት። ከዚያ ወዲያ የሚሰጧት የመጥበሻ እጀታና የበግ ጥርስ እንኳ ቀረ። ታመመች ብለው አዘኑላት። ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

መከር ሲገባ የእህቷ ልጅ ከኮችኮር መንደር መጥታ ወሰደቻት። እዚያ ለአራት ዓመት የበግ ፀጉር እያፍተለተለች፣ ቆሻሻውን ከንጹሑ እየለየች ኖረች። ምላሷ ጠፍቶ ነበር ይላሉ፤ የተሰጣትን ትበላለች፣ በማንም ሥራ አትገባም። የኤሴንጉል ቀኝ እጅ ድኖ አልታጠፈለትም፤ ኮንቴይነሮቹን ለወንድሙ ልጅ አስረክቦ ቤት ዋለ። ቡሩል በየካቲት ስትሞት እሱ አልመጣም። ዙራ ግን በሚኒባስ መጣች። እንደ ወጉ ከድንኳኑ ደጃፍ ጀምራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የሟቿን ደግነት አወራች፣ ለለቀስተኛ ሁሉ የሚደርሰውን የሥጋ ድርሻ በጨርቅ ቋጥረው ሰጧት፤ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጣት ፈጥና ወጣች።